የጨረታ ሳጥኑን ወደ ድረ ገጽ ማዛወር፦ የዋጋ ማቅረቢያ ቅጽ አሠራር ከሀ እስከ ፐ

ባሕር ዳር ውስጥ የመሥሪያ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው የጨረታ ሳጥን ሳያይ አይቀርም። ከላይ ፖስታ የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ፣ ከፊት ቁልፍ፣ ቁልፉ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። ተጫራቹ ዋጋውን በአሃዝና በፊደል ጽፎ፣ ፖስታውን አሽጎ ይከታል። በተባለው ሰዓት ሳጥኑ ይዘጋል፤ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል። አንዱ የሌላውን ዋጋ አያይም፤ ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ነው፤ የገባ ፖስታ ተመልሶ አይወጣም።

ለጨረታ ድረ ገጽ የዋጋ ማቅረቢያ ቅጽ ስንሠራ የምንሠራው ይህንኑ ሳጥን ነው። መሙያ ቦታዎችን ደርድሮ «ላክ» የሚል አዝራር ማስቀመጥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ብዙ ቀን የሚወስደው ሰዎች በሳጥኑ ላይ የነበራቸውን እምነት ኮዱም እንዲሸከመው ማድረግ ነው። በጣና ዳር ለሚገኝ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር፣ ያገለገለ የጀልባ ሞተርና ማቀዝቀዣዎች የሚሸጡበትን ቅጽ ስሠራ የተማርኩትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። የተጠቀምኩት ፒኤችፒ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋና ማይኤስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ ነው፤ በሌላ ቋንቋ የሚሠራ ሰውም ሐሳቡን እንዳለ ሊከተለው ይችላል። ተዘጋጅተው የሚሸጡ የጨረታ ፕለጊኖችን ሞክሬ ነበር። ያየኋቸው ሁሉ ዋጋው በሰው ፊት እየጨመረ ለሚሄድ ሽያጭ የተሠሩ ናቸው፤ ለታሸገ ፖስታ፣ ለአያት ስምና ለጳጉሜን ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ከባዶ መሥራቱን መረጥኩ።

ደረጃ 1፦ ከኮዱ በፊት ማስታወቂያውን ያንብቡ

የጨረታ ማስታወቂያው ረቂቅ እጅዎ ሳይገባ አንድ መስመር ኮድ አይጻፉ። በበኩር ጋዜጣ ላይ የሚወጡትን የጨረታ ማስታወቂያዎች ሰብስበው ቢያነቡ፣ ቅጹ ሊመልሳቸው የሚገቡትን ጥያቄዎች እዚያው ያገኟቸዋል። «ለ15 ተከታታይ ቀናት» የሚለው ሐረግ አንድ ሕግ ነው፤ ማስታወቂያው የወጣበት ቀን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? «ዕለቱ የሥራ ቀን ካልሆነ በሚቀጥለው የሥራ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት» የሚለው ደግሞ ሌላ ሕግ ነው፤ ቅጹ በዓላት የሚውሉበትን ቀን ማወቅ አለበት ማለት ነው። መልሶቹን ከአጫራቹ በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል የተነገረ መልስ ክርክር ሲነሳ አያድንም።

በተለይ የተጨማሪ እሴት ታክስን ነገር አይለፉት። አንዱ ተጫራች 40,000 ብር ብሎ ታክሱን ለብቻ ያሰበ እንደሆነ፣ 15 በመቶው ሲጨመር 46,000 ብር ይሆናል። ሌላው ታክሱን ጨምሮ 45,000 ብር ጽፏል። በወረቀቱ ላይ ያሸነፈው ሁለተኛው ነው፤ በገንዘቡ ግን የመጀመሪያው። በቅጹ ላይ «ታክስን ያካተተ» እና «ያላካተተ» የሚል ምርጫ አያስቀምጡ። አንዱን ይወስኑና ከዋጋ መሙያው በላይ በጉልህ ይጻፉት።

ደረጃ 2፦ ሠንጠረዦቹ

አራት ሠንጠረዥ ይበቃል፦ ጨረታዎች፣ ዕቃዎች፣ ተጫራቾች፣ ፖስታዎች። ሦስቱ ተራ ናቸው። አራተኛው ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ፦ ድረ ገጹ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት ተጠቃሚ በፖስታዎች ሠንጠረዥ ላይ የማስገባትና የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይኑረው። የማሻሻልም ሆነ የመሰረዝ ፈቃድ አይስጡት። ተጫራቹ ዋጋውን መቀየር ቢፈልግ አዲስ ረድፍ ይገባል፤ የሚቆጠረው ከመዝጊያው ሰዓት በፊት የገባው የመጨረሻው ይሆናል፤ አሮጌው ሳይከፈት በቦታው ይቀራል። ሳጥን ውስጥ እጅ ገብቶ ፖስታ አይወጣም ማለት በዳታቤዝ ቋንቋ ይህ ነው።

የሠንጠረዦቹን የፊደል አያያዝ ዩቲኤፍ-8 (በማይኤስኪውኤል utf8mb4 የሚባለውን) ያድርጉት። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ባይት በሚቆጥረው በተለመደው የርዝመት መለኪያ «ተስፋዬ» 12 ሆኖ ይወጣል። ፊደል የሚቆጥረውን ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ ረዘም ያለ ስም ያለው ሰው ቅጹ ያለ ምክንያት ይመልሰዋል።

ደረጃ 3፦ ተጫራቹ ማን ነው?

ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ ሦስት መሙያ ቦታ። ከውጭ የመጣ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሲጠይቅ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል፤ አሸናፊው ውል ሊፈርም ሲመጣ ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም። ተጫራቹ ድርጅት ከሆነ የድርጅቱ ስምና የወኪሉ ስም ለየብቻ ይጠየቁ።

ሰውን በስም አይለዩ። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሃይሉ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ናቸው። መለያው የግብር ከፋይ ቁጥሩ (10 አሃዝ) እና ስልኩ ይሁን። ስልክ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር 10 አሃዝ ነው፤ በ251 ጀምሮ የሚጽፍም ስላለ ሁለቱንም ተቀብለው በአንድ መልክ ያስቀምጡ። ከዚያ በአጭር መልእክት ኮድ ልከው ስልኩ የእርሱ መሆኑን ያረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ ዋጋው በአሃዝና በፊደል

ለዋጋው የኤችቲኤምኤሉን የቁጥር መሙያ አይጠቀሙ። በኮምፒውተር ላይ የማውሱ ጎማ ሲሽከረከር ቁጥሩን ሊቀይረው ይችላል፤ ኮማ ያለበትን ቁጥርም በደንብ አያስተናግድም። ተራ የጽሑፍ መሙያ ያድርጉትና «ኢንፑትሞድ» የተባለውን ባሕርይ «ኑመሪክ» ይበሉት፤ ስልኩ የቁጥር ሰሌዳውን ያወጣል። ኮማን፣ ክፍት ቦታንና «ብር» የሚለውን ቃል ሰርቨሩ ራሱ ያጽዳ። ነጥብ ካገኘ ግን አይገምት፤ ይመልሰውና ይጠይቅ። 45.000 ብሎ የጻፈ ሰው አርባ አምስት ሺህ ማለቱ ይሁን አርባ አምስት ብር፣ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። በዳታቤዙ ውስጥ ገንዘብ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ይቀመጥ። ሳንቲም የግድ ካስፈለገ ሁሉንም በሳንቲም ቆጥረው ያስቀምጡ፤ ተንሳፋፊ ነጥብ ያለው ዓይነት ለገንዘብ አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመጣው በዚህ ቅጽ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ክፍል ነው። በወረቀት ጨረታ ዋጋ በአሃዝም በፊደልም የሚጻፈው አለምክንያት አይደለም፤ አንድ ዜሮ ስትሳሳት ፊደሉ ያጋልጣል። ቅጹም ይህን ያድርግ። ተጫራቹ ቁጥሩን ሲጽፍ ከሥሩ በፊደል ይውጣ። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው። ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ በሦስት በሦስት አሃዝ ይከፍሉታል፤ የመጀመሪያው ክፍል ያለ ስም፣ ሁለተኛው «ሺህ»፣ ሦስተኛው «ሚሊዮን» ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የመቶው አሃዝ ከ«መቶ» ጋር፣ ከዚያ የአሥር ቤቱ ስም (ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና)፣ ከዚያ የአንድ ቤቱ። ዜሮ ይዘለላል። ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ከ11 እስከ 19 ያለው ብቻ ነው፤ እዚያ «አሥር» ወደ «አሥራ» ይለወጣል። ሁለት ዝርዝርና አንድ ዙር፤ ከአርባ መስመር አይበልጥም።

ሙከራውን ያደረግሁት ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚሸጡ አንዲት እናት ጋር ነው። ቆሮሶ ሲቆርጡ ስለነበር ጣቶቻቸው ላይ ቅርፊት ተጣብቋል፤ ስልኩን በመሐረብ ይዘው በትንሿ ጣታቸው ቁጥሩን ነካኩ። «እትዬ፣ ከሥር በፊደል የተጻፈውን ያንብቡልኝ» አልኳቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አራት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ኧረ ልጄ፣ እኔ አርባ አምስት ነው ያልኩት!» አንድ ዜሮ አጠፉ፤ ፊደሉም አብሮ ተስተካከለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ክፍል ከየትኛውም የጨረታ ቅጽ ላይ አስቀርቼው አላውቅም።

ዋጋው ከመነሻው በታች ከሆነ ቅጹ አይቀበል። ከመነሻው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቅ። ማነጻጸሪያው ግን ምንጊዜም በማስታወቂያው ላይ የወጣው መነሻ ዋጋ ይሁን። ከሌሎች ተጫራቾች ዋጋ ጋር አነጻጽሮ የሚያስጠነቅቅ ቅጽ ምስጢር እያወጣ ነው።

ደረጃ 5፦ ሰዓት

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት እነግራችኋለሁ። የማኅበሩ ማስታወቂያ «ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ ይዘጋል» ይል ነበር። እኔም በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ 8፡00 ብዬ ሞላሁ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው። በዚያ ሰዓት 8፡00 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 5፡00 ነው። ስለዚህ ቅጹ ከተባለው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ተዘጋ። እኩለ ቀን ላይ አንድ አዛውንት ከዘጌ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ 8 ሰዓት ሊሞላ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል፤ ይህ ስልክ ግን ተዘግቷል ይለኛል» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የተታለለ ሰው ዝምታ ነበር፤ እርሱ ነው የከበደኝ። ማኅበሩ ጨረታውን ሰርዞ እንደገና አወጣው፤ ለሁሉም ተጫራች ተደውሎ ምክንያቱ ተነገረ።

መፍትሔው እንዲህ ነው። በዳታቤዙ ውስጥ ሰዓት ሁሉ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይቀመጥ። ሰው በሚያየው ገጽ ላይ ግን ሁሉም በእኛ ሰዓትና በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይታይ። መካከሉ ላይ አንድ ብቻ መቀየሪያ ይኑር፤ ሌላ ቦታ ማንም ሰዓት አይደምር፣ አይቀንስ። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በበጋና በክረምት የሚቀያየር ሰዓት የለንም፤ ይህ ሥራውን ያቀለዋል። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከዚያ 6 ሰዓት ይቀነስለታል። ስለዚህ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠር 14፡00 ነው፤ በዳታቤዙ ውስጥ 11፡00 ሆኖ ይቀመጣል። አስተዳዳሪው ሰዓት ሲሞላ ቁጥሩን ብቻ አይጻፍ፤ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» ከሚሉት አንዱን ይምረጥ። ሞልቶ ሲጨርስ ቅጹ «ሐሙስ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት (በፈረንጆች 14፡00) ይዘጋል» ብሎ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመልስለትና ያጽድቅ።

ለቀኑ የብሮውዘሩን የቀን መምረጫ አይጠቀሙ፤ ጳጉሜንን አያውቅም። ሦስት ተቆልቋይ ዝርዝር ያስቀምጡ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፤ ወሮቹ 13 ይሁኑ፤ ጳጉሜን 5፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን። ለማሳየት ብቻ ከሆነ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው የቀን ማሳያ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ አዲስ መጻፍ አያስፈልግም። «15 ተከታታይ ቀናት» ሲሰላ ግን የቀኖቹን ብዛት ይቁጠሩ እንጂ በወር ቁጥር አይደምሩ፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የወጣ ጨረታ ጳጉሜንን አቋርጦ መስከረም ውስጥ ይዘጋል፤ መስከረም 1 ደግሞ በዓል ነው።

መዝጊያውን የሚፈርደው የሰርቨሩ ሰዓት ብቻ ነው። በስልኩ ላይ የሚታየው ወደ ኋላ ቆጣሪ ከሰርቨሩ የተቀበለውን ቀሪ ጊዜ ይቁጠር፤ የስልኩን ሰዓት አይመን።

ደረጃ 6፦ ፖስታውን ማሸግ

ዋጋዎቹ በዳታቤዙ ውስጥ በግልጽ ከተቀመጡ፣ ዳታቤዙን ማየት የሚችል ሰው ሁሉ ፖስታውን ከፍቶ አንብቧል ማለት ነው። እኔንም ይጨምራል። ይህን ሥልጣን ከራሴ ላይ ማንሳት ፈለግሁ፤ ጨረታ የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ሊፈልገው የሚገባ ይመስለኛል። አንድ የማውቀው ሰው ቢያሸንፍ፣ ዋጋ የማየት ዕድል እንደነበረኝ ለሚናገር ሰው መልስ አጣለታለሁ።

ፒኤችፒ ከ7.2 ጀምሮ ሶዲየም የተባለውን የምስጠራ ቤተ መጻሕፍት አብሮት ይዞ ይመጣል። በውስጡ «የታሸገ ሳጥን» የሚባል አሠራር አለ። ሁለት ቁልፎች ይፈጠራሉ፦ አንዱ መቆለፍ ብቻ ይችላል፣ ሌላው መክፈት። መቆለፊያው ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ቢሰረቅም ምንም አያደርግም። መክፈቻው ሰርቨሩ ጋ ጭራሽ አይደርስም። ከኢንተርኔት ጋር ባልተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ይፈጠርና በፍላሽ ለጨረታ ኮሚቴው ይሰጣል።

እኔ ሁለት ጥንድ ቁልፍ አድርጌ ፖስታውን ሁለት ጊዜ አሸግሁት፤ አንዱ መክፈቻ ለኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሌላው ለገንዘብ ያዡ። ሁለቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። የእያንዳንዱ ቁልፍ ግልባጭ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ መክፈቻው ከጠፋ ዋጋዎቹን ዳግመኛ የሚያያቸው የለም።

በፖስታው ውስጥ ዋጋው ብቻውን አይግባ። የጨረታው ቁጥር፣ የዕቃው ቁጥርና የተጫራቹ መለያም አብረው ይታሸጉ፤ ይህ የአንዱን ፖስታ በሌላው ስም ማዘዋወርን ይከለክላል። ደግሞም ዋጋውን ከፊቱ ዜሮ እየጨመሩ ወደ 12 አሃዝ ያድርሱት፤ የተጫራቹንም መለያ ርዝመቱን እኩል ያድርጉት። የታሸገው ነገር ርዝመት ከውስጡ ርዝመት ጋር ስለሚሄድ፣ ስድስት አሃዝ የጻፈው ከአምስት አሃዙ ሳይከፈት ይለያል።

ማሸጉ እንዳበቃ ከታሸገው ላይ በሻ-256 አሻራ (ከይዘቱ የሚሰላ፣ ይዘቱ ቢነካ የሚለወጥ መለያ) ያውጡ፤ የአሻራውን የመጀመሪያ 16 ፊደላትና አሃዞች ለተጫራቹ በደረሰኝ መልክ ያሳዩት፣ በአጭር መልእክትም ይላኩለት። ይህ የፖስታው ማኅተም ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው ግን ዋጋውን በሌላ በር እንዳያወጡት ይጠንቀቁ። ቅጽ በተሞላ ቁጥር ሙሉ ይዘቱን ለቢሮው በኢሜይል የሚልክ አሠራር ካለ ያጥፉት። የስህተት መመዝገቢያው የተላከውን ነገር ሁሉ የሚጽፍ ከሆነ እርሱንም ያጥፉት። ሳጥኑ ተቆልፎ ግልባጩ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበት ብዙ ቦታ አለ።

ደረጃ 7፦ ኔትወርክ ሲቋረጥ

ተጫራቹ «ላክ»ን ይጫናል፣ ኔትወርኩ ይቋረጣል፣ ደርሶ ይሁን አይሁን አያውቅም፣ እንደገና ይጫናል። ቅጹ ሲከፈት ሰርቨሩ አንድ የማይደገም ቁጥር ይስጠው፤ በፖስታዎች ሠንጠረዥ ላይ ያ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ይከልከል። ተመሳሳይ ቁጥር ይዞ ሁለተኛ ጥያቄ ሲመጣ ስህተት አይመልሱ፤ የመጀመሪያውን ደረሰኝ መልሰው ያሳዩ። «ዋጋዎ ደርሷል» የሚለው ቃል የሚወጣው ረድፉ በዳታቤዙ ውስጥ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። ስምና ስልክ በስልኩ ላይ ለጊዜው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ዋጋ ግን አይቀመጥ፤ ስልክ በቤተሰብ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

ደረጃ 8፦ የማስከበሪያው ፎቶ

ለጨረታ ማስከበሪያ የሚቀርበውን የሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ፎቶ ከዋጋው ጋር በአንድ ጊዜ አይላኩ። የስልክ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ይመዝናል፤ ዋጋው ጥቂት ፊደል ነው፤ ከባዱ ቀላሉን ይዞት ይቀራል። ፎቶው ቀድሞ በተለየ ገጽ ይግባ፤ ብሮውዘሩ ውስጥ አሳንሰው ይላኩት። ቁጥሩ፣ ባንኩና መጠኑ በጽሑፍም ይሞሉ። ዋናው ሲፒኦ በአካል እንዲቀርብ ማስታወቂያው ይናገር፤ ፎቶ ገንዘብ አይደለም።

ደረጃ 9፦ የመክፈቻው ቀን

ሰዓቱ ሲሞላ ሰርቨሩ የታሸጉትን ፖስታዎች ብዛትና የሁሉንም አሻራ ዝርዝር ለሕዝብ ያውጣ፤ ዋጋ ገና የለም። ተጫራቾች ደረሰኛቸውን እያዩ የራሳቸው አሻራ መኖሩን ያረጋግጣሉ። ከዚያ ሁለቱ ቁልፍ ያዦች በአዳራሹ ውስጥ ፍላሻቸውን ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኛሉ፤ ፖስታዎቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ፤ ዋጋው ግድግዳው ላይ በአሃዝና በፊደል ይታያል፤ ጸሐፊው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጽፋል። መክፈቻ ፕሮግራሙ ከድረ ገጹ የተለየና ትንሽ ይሁን፤ ከኢንተርኔት ውጭ ይሥራ።

ከዚህ ቀን በፊት ግን በውሸት ጨረታ ሙሉውን ይለማመዱት፤ ከምዝገባ እስከ መክፈቻ፣ ከእውነተኛው ኮሚቴ ጋር። በቢሮ ዋይፋይ ላይ አይጨርሱት። ርካሽ ስልክ ይዘው ወደ ዘጌ በሚሄደው ጀልባ ላይ ይሳፈሩ፤ ኔትወርኩ እየመጣ እየጠፋ ባለበት መካከል ዋጋ ይላኩ፣ ሁለት ጊዜ ይጫኑት፣ መሐል ላይ ስልኩን ያጥፉት። ተመልሰው ሠንጠረዡን ሲያዩ አንድ ፖስታ ብቻ ካገኙ፣ ደረሰኙም ከአሻራው ጋር ከገጠመ፣ ማስታወቂያው ሊወጣ ይችላል።